የምንሽሩ ክብደት ቅነሳ ግብረ ኃይል

ታላላቅ ሥራዎች የሚሠሩት በታላላቅ ከተሞች ነው የሚል ሰው መካነ ሰላምን አያውቅም፤ ከመካነ ሰላም ወጥቶ ወደ ቆላው የሚወርደውን መንገድማ ጭራሽ አልረገጠውም። በዚያ መንገድ ላይ፣ ደጋው አልቆ ገደሉ ከሚጀምርበት ጠርዝ፣ አንድ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት አለ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ሌሎቹ ይቀኑበታል። እኔ ፈንታሁን በዚህ ጽሕፈት ቤት ለዘጠኝ ዓመት ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያልወሰንነው ነገር የለም። የሠራነውን ለመንገር ግን መዝገብ ማገላበጥ ይኖርብኛል።

ዛሬ የምተርክላችሁ ከሥራዎቻችን ሁሉ የላቀውን ነው። ባለፈው ዓመት፣ ያለ ውጭ ባለሙያ፣ ያለ በቂ በጀት፣ በራሳችን አቅምና በቁርጠኛ አመራር አንድ አሮጌ ጠመንጃ አቅልለናል።

ጠመንጃው ምንሽር ነው። ድሮ የአንድ ስመ ጥር አዳኝ ነበር። አዳኙ ሲሞት ልጆቹ ለቀበሌው አስረከቡት፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው ከቆላው ማሽላ ላይ ከርከሮና ዝንጀሮ ማባረር ሆነ። የተመዘገበው በጠባቂው በአያ ይሄነው ስም ነው። አያ ይሄነው ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። በማሽላው መሐል ከእንጨት በሠሩት ማማ ላይ ተቀምጠው ዝንጀሮውን በወንጭፍ፣ ከርከሮውን በጩኸት ያባርራሉ፤ በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ። እሷ አንዷ ተኩስ እስከሚቀጥለው ድረስ ትበቃለች። እንዲህ ሲያደርጉ አሥራ ስድስት ዓመት ሆናቸው፤ በአሥራ ስድስቱ ዓመት አንድም ማሳ ተበልቶባቸው አያውቅም። ይህ ለአንድ ጽሕፈት ቤት በጣም አስቸጋሪ ሁኔታ ነው፤ ችግር ከሌለ ምን ይፈታል?

እንደ ዕድል ሆኖ ችግሩ በራሱ እግር መጣ። መስከረም መጨረሻ ላይ አያ ይሄነው ገበያ ሊወጡ ሲያልፉ ጽሕፈት ቤታችን ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ አረፍ አሉ። ምንሽራቸውን ከትከሻቸው አወረዱና፣

«ይቺ ብረት ዘንድሮ ከበደችኝ» አሉ።

ለማንም ብለው አልነበረም። ሰው ሸክም ሲያወርድ የሚለውን ነው ያሉት። ውሃ ጠጥተው፣ ትከሻቸውን አሸት አሸት አድርገው ሊነሡ ሲሉ ግን የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ዓባይነህ በመስኮት ሰሟቸው።

አቶ ዓባይነህን ማድነቅ ግዴታዬ ነው። በዚያ ሳምንት ከላይ አንድ ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር። ደብዳቤው እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት አንድ የኅብረተሰብ ችግር ለይቶ በውስን በጀት እንዲፈታና በሦስት ወር ውስጥ ሪፖርት እንዲያደርግ ያዝዛል። አቶ ዓባይነህ አራት ቀን ሙሉ ችግር ሲፈልጉ ሰነበቱ። የምንጩ መድረቅ ቀርቦላቸው ነበር፤ ትልቅ ነው ብለው ተዉት። የትምህርት ቤቱ ጣሪያም ቀርቦ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከፍ ያለ ነው አሉ። አሁን ግን በአራት ኪሎ አካባቢ የሚመዝን፣ በእጅ የሚያዝ፣ ፎቶ የሚነሣ ችግር ደጃቸው ላይ ተቀምጧል። እየሮጡ ወጡ።

«አያ ይሄነው፣ እንዲህ እየከበደዎ እንዴት እስከ ዛሬ ዝም አሉ?»

«አብሽር ልጄ፣ እሸከመዋለሁ። እንዲያው አፌን ቢያመጣው ነው።»

«አይደለም። ብሶት አቅርበዋል። ፈንታሁን፣ ጻፍ።»

ጻፍኩ። በማግስቱ ሰባት አባላት ያሉት «የምንሽር ክብደት ቅነሳ ግብረ ኃይል» ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ዓባይነህ፣ ጸሐፊው እኔ ሆንን፤ የቀሩት አምስቱ እጅ በማውጣት የታወቁ ታማኝ ሰዎች ናቸው።

በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንድ ከባድ የሕግ ጥያቄ ተነሣ። ጠመንጃው በአያ ይሄነው ስም ስለተመዘገበ ከእሳቸው ተለይቶ ለግብረ ኃይሉ ሊቀርብ አይችልም። ስለዚህ ጠመንጃው በሚገኝበት ስብሰባ ሁሉ እሳቸውም እንዲገኙ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ከማማቸው እስከ ጽሕፈት ቤታችን ሽቅብ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። አያ ይሄነው እንደ ልማዳቸው «መርሐባ» አሉ፤ በእኛ አገር እሺ ማለት ነው። እሳቸው ለመንግሥት ከዚህ ሌላ ቃል ተናግረው አያውቁም።

ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ተነሣች። ወይዘሮ ሸዋረግ ትባላለች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ከሁለት ትንንሽ ሴት ልጆቿ ጋር የምትኖረው ከማማው ሥር ባለችው በአንዲት ማሳ ማሽላ ነው። ማሳዋ ለጫካው ከሁሉም የቀረበች ናት፤ ከርከሮ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የእሷን ነው። ሌሎቹ ጎረቤቶቿ ብዙ የሰው እጅ አላቸው፤ ተራ ገብተው ይጠብቃሉ። እሷ ያላት አያ ይሄነው ብቻ ናቸው።

«አያ ይሄነው እዚህ ከዋሉ ማማው ላይ ማን አለ?» ብላ ጠየቀች።

አቶ ዓባይነህ ጥያቄው ተገቢ መሆኑን፣ ኅብረተሰቡ እንዲህ መጠየቁ የንቃቱ ምልክት መሆኑን፣ ሆኖም የዕለቱ አጀንዳ ክብደት እንጂ ማማ አለመሆኑን አስረዷት። እኔም «ተሳታፊዎች ገንቢ አስተያየት ሰጥተዋል» ብዬ መዘገብኩ።

ቀጥሎ ጠመንጃው መመዘን ነበረበት። በቀበሌያችን ያለው የታመነ ሚዛን በጤና ኬላው የተሰቀለው የሕፃናት መመዘኛ ብቻ ነው። ምንሽሩን እንደ ሕፃን ማንጠልጠያ ጨርቁ ውስጥ አስገባነው፤ አፈሙዙ በአንድ በኩል፣ ሰደፉ በሌላ በኩል ወጥቶ ተንጠለጠለ። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። የጤና ሠራተኛዋ ሌላ ቅጽ ስለሌላት በሕፃናት የዕድገት ካርድ ላይ መዘገበችው። ዕድሜውን ስትጠይቅ አቶ ዓባይነህ ሰማንያ እንደሚያልፈው ነገሯት። አራት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ሆነ። ካርዱ ላይ ስታየው ለአንድ ወር ልጅ ደህና ክብደት ነበር።

«በሚቀጥለው ወር መልሳችሁ አምጡት» አለች። «ቀንሶ ከመጣ ግን ለምን እንደቀነሰ እጠይቃለሁ።»

አቶ ዓባይነህ ይህን የሁለት መሥሪያ ቤቶች የዕቅድ አለመጣጣም ሲሉ ገለጹት፤ በደብዳቤ እንዲፈታም አዘዙ።

በጀታችን ሁለት ሺህ ብር ነበር። ስለ በጀት አጠቃቀማችን ብዙ የሚወራ ስላለ እውነቱን ልናገር። አንድ ሺህ አራት መቶው «የምንሽር ክብደትን በመቀነስ የአርሶ አደሩን ተጠቃሚነት እናረጋግጣለን» የሚል ባነር ማሠሪያ ሆነ። አምስት መቶ ሠላሳው ለመክፈቻው ዕለት የታሸገ ውሃ ወጣ። በቀረው ሰባ ብር የብርጭቆ ወረቀት ተገዛ። እንግዲህ ከጠመንጃው ጋር የተነካካው ገንዘብ ይህቺ የመጨረሻዋ ብቻ ናት፤ ቁጠባ ማለት ይህ ነው። ባነሩ በነፋስ እንዳይወሰድ አያ ይሄነው አንዱን ጫፍ ይዘው እስከ ቀትር ቆሙ።

ከዚያ ልምድ መቅሰም አስፈለገ። አቶ ዓባይነህና እኔ አጅባር ገበያ ድረስ ሄድን፤ ክብደት የሚያውቅ ሰው የሚገኘው ከብት ከሚሸጥበት ነው ብለው ነው። እዚያም አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አገኘን። ሰውየው ድሮ አንዳንድ ሰው በሬውን ሊሸጥ ሲል ጨው አልሶ ውሃ ያጠጣው እንደነበር፣ በሬውም ሞልቶና ከብዶ ይታይ እንደነበር እየሳቀ አጫወተን። አቶ ዓባይነህ ግን አልሳቁም። በአውቶቡስ ስንመለስ ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ።

«ፈንታሁን፣ ውሃ ካከበደ ፀሐይ ታቀላለች ማለት ነው።»

እኔ እንዲህ ያለ አእምሮ አጠገብ ተቀምጬ ዘጠኝ ዓመት ደመወዝ መብላቴን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል። ምንሽሩ ሦስት ቀን ሙሉ በጽሕፈት ቤታችን ግቢ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ሕጉ ሕግ ነውና አያ ይሄነውም ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቡ ተሰጡ። በየሰዓቱ ያገላብጡታል። በሦስተኛው ቀን ማታ ሲመዘን አራት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ሆነ። ግብረ ኃይሉም ፀሐይዋ ጠመንጃው ተጨማሪ ክብደት እንዳያመጣ መከላከሏን አረጋገጠ።

በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ሸዋረግ ስብሰባችን ላይ መጣች። ማሽላው እሸት ደርሶ ነበር። ከርከሮው ከጫካው በኩል ሦስት ትልም ገልብጦ መሄዱን ተናገረች፤ እስከ ዛሬ የአያ ይሄነውን ድምፅ እየሰማ ይመለስ እንደነበር፣ አሁን ድምፃቸውን ስላጣ ሰንጥቆ እንደገባ። ከዚያ አያ ይሄነውን ዘወር ብላ አየቻቸው። ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «እኔማ እዚያ መሆን ነበረብኝ» ማለታቸውን ከጎናቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። አቶ ዓባይነህ ጠመንጃው ሲቀል አያ ይሄነው በፍጥነት ስለሚንቀሳቀሱ የከርከሮው ጉዳይ ከሥር መሠረቱ እንደሚፈታ አብራሩላት። እውነት ለመናገር አዘንኩላት። ነገር ግን ኀዘን በቃለ ጉባኤ ላይ ቦታ የለውም፤ ዓምዱ አልተሠራለትም።

ፀሐይ ስላልበቃች ወደ ቴክኖሎጂ አለፍን። መካነ ሰላም ውስጥ ወንድዬ የሚባል አልጋ ሠሪ አለ። አቶ ዓባይነህ ለአገሩ በነፃ እንዲሠራ ጠየቁት። ወንድዬ ምንሽሩን አገላብጦ አየና እስከ ዛሬ ከአልጋና ከወንበር በቀር ነክቶ እንደማያውቅ ተናገረ።

«ሰደፉ እንጨት አይደለም?» አሉት።

«እንጨት ነው።»

«አልጋስ?»

ወንድዬ በዚህ ተሸነፈ። በሁለት ቀን ውስጥ የሰደፉን ጎንና ጎን ጠርቦ አሳሳው፤ የቀረውን በመሰርሰሪያ ወንፊት ወንፊት አድርጎ በሳሳው። በብርጭቆ ወረቀትም አለሰለሰው። ለምስጋና ይሁን ለልማድ አላውቅም፣ ጫፉ ላይ እንደ አልጋ ራስጌ አበባ ቀረጸበት። ሰባት መቶ ግራም ቀነሰ። አያ ይሄነው በቀዳዳዎቹ ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው እያዩ ትንሽ ቆዩና፣ «መርሐባ፣ ያምራል» አሉ።

ቀጥሎ የቆዳ ማንገቻው ወጥቶ በሲባጎ ተተካ። መቶ ሰማንያ ግራም ተረፈ። ሲባጎው ትከሻቸውን ስለቆረጣቸው አያ ይሄነው ጋቢያቸውን አራት አጥፈው ከሥሩ አደረጉ። ጋቢው አንድ ኪሎ ተኩል ይሆናል። ግብረ ኃይሉ ጋቢ የጠመንጃ አካል አለመሆኑን በሙሉ ድምፅ አጽድቆ አለፈ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከዕቅዳችን ገና ሩቅ ነበርን። ያን ጊዜ ነው አቶ ዓባይነህ ዋናውን ግኝት ያገኙት። ጥይት የሚያጎርሰው፣ ከኋላ የሚከፈተውና የሚዘጋው ብረት ብቻውን ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል። እሳቸው እንዳሉት አንድ ጠመንጃ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የሚተኩሰው ቢበዛ ለአንድ ደቂቃ ነው። ታዲያ ለአንድ ደቂቃ ሥራ ሽማግሌው ይህን ብረት ቀኑን ሙሉ ለምን ይሸከማሉ? ብረቱ ወጥቶ በጽሕፈት ቤቱ ሣጥን ተቆለፈበት። ጠባቂው ሲያስፈልጋቸው ምክንያቱን ጠቅሰው በማመልከቻ በሥራ ሰዓት መውሰድ ይችላሉ ተባለ። እስከዚያ ድረስ «መርሐባ» ብቻ ሲሉ የቆዩት አያ ይሄነው እጃቸውን አወጡ።

«ከርከሮው እኮ በሥራ ሰዓት አይመጣም፣ ልጄ።»

«እሱ የከርከሮው የሥነ ሥርዓት ችግር ነው» አሉ አቶ ዓባይነህ። አምስቱ አባላት አጨበጨቡ። እኔም ብዕሬን አስቀምጬ አጨበጨብኩ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ከብረቱ መውጣት በኋላ ክብደቱ ሦስት ኪሎ ከሃያ ግራም ሆነ። በመቶኛ ሲሰላ ሠላሳ አንድ ነው፤ ዕቅዱ ግን አርባ ነበር። የቀረውን ዘጠኝ እጅ ፍለጋ በጥቅምት አምስት ጊዜ፣ በኅዳር ሰባት ጊዜ ተሰበሰብን። ማለሚያዋን አወጣን፤ አፈሙዝ መወልወያ ዱላዋን አወጣን፤ አንዳንድ ብሎን «ተደራራቢ ሆኖ ስለተገኘ» ተነሣ። አያ ይሄነው በየስብሰባው ሦስት ሰዓት ወጥተው ሦስት ሰዓት ይወርዳሉ። ማማው ላይ ሲደርሱ ይመሻል፤ በማግስቱ ደግሞ ይጠራሉ። ወይዘሮ ሸዋረግ በሁለት እጇ ልትደርስበት ሞከረች፤ ልጆቿን ይዛ ቆርቆሮ እየመታች ሰነበተች። ትንሿ ልጅ ታመመችባትና ሦስት ቀን ቤት ዋለች። ከርከሮው ያንን ሦስት ቀን አልተሰበሰበበትም፤ በቀጥታ ወደ ሥራ ገባ። ኅዳር ሲያልቅ በማሳዋ ላይ የቆመ አገዳ አልነበረም።

የማጠቃለያው ስብሰባ ታኅሣሥ ላይ ተጠራ። ከላይ ሁለት እንግዶች መጡ። ባነሩ ተሰቀለ። አቶ ዓባይነህ ከአርባ ደቂቃ ንግግር በኋላ ተጠቃሚው ራሳቸው እንዲመሰክሩ አያ ይሄነውን ጋበዙ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። እጃቸው ላይ ምርኩዝ ብቻ ነበር።

«ጠመንጃውስ፣ አያ ይሄነው?»

«ቤት ትቼው ነው የመጣሁ።»

«እንዴት? አልቀለለዎትም?»

«የሚጠበቅ ነገር አለቀ፣ ልጄ። ለምን ልሸከመው?»

አቶ ዓባይነህ ለአፍታ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ከዚያ ፊታቸው በራ። ወደ እንግዶቹ ዞረው በአሁኑ ሰዓት በጠባቂው ትከሻ ላይ ያለው የጠመንጃ ክብደት ዜሮ መሆኑን፣ ይህም አርባ በመቶ ከነበረው ዕቅድ አንጻር አፈጻጸሙ መቶ በመቶ እንደሚሆን አስታወቁ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። አንደኛው ለሌሎች ቀበሌዎች ቢሰፋ ጥሩ ነው ሲል ተሰማ።

ወይዘሮ ሸዋረግ ከኋላ ተነሣች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«የእኔም ጎታ ይመዝገብልኝ» አለች። «ባዶ ነው። አንድ ብር ሳታወጡ ነው ያቀለላችሁት።»

«በጣም ጥሩ» አሉ አቶ ዓባይነህ እንግዶቹን እያዩ። «ተጓዳኝ ውጤት ነው። ፈንታሁን፣ ጻፍ።»

ዘጠኝ ዓመት ጻፍ ስባል የተባልኩትን ጽፌያለሁ። ያን ቀን ግን እጄ እንቢ አለኝ። የሴትዮዋን ፊት አይቼ ነበር፤ አፈርኩ። ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁትን ጻፍኩ። የቃለ ጉባኤው ማጠቃለያ ይህ ነበር፤ «ጠመንጃውን እናቀልላለን ብለን ጠባቂውን በስብሰባ ከማማው አስነሣን። ማማው ባዶ በመሆኑ የወይዘሮ ሸዋረግ ማሽላ በከርከሮ አለቀ። ማሽላውን ያስበላነው ከዚህ በታች የፈረምነው ሰባት ሰዎች ነን።»

በደንቡ መሠረት ቃለ ጉባኤ ከመጽደቁ በፊት ይነበባል። እንደ ወትሮው በተለመደችው ዜማ፣ ቶሎ ቶሎ አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አቶ ዓባይነህ ለእንግዶቹ ውሃ እያቀረቡ ነበር። አንዱ አባል ስልኩን ያያል። ሌላው አንቀላፍቷል። ንባቡ ሲያልቅ ተቃውሞ ተጠየቀ፤ የለም። ድምፀ ተአቅቦ ተጠየቀ፤ የለም። ስድስት እጅ ወጣ፤ ሰባተኛው የእኔ ነበር። ሰባታችንም ፈረምን። አቶ ዓባይነህ ማኅተሙን በደንብ እፍ ብለው አሳረፉበት። ወይዘሮ ሸዋረግ ግን ከኋላ ሆና እያንዳንዷን ቃል ሰምታለች። ስብሰባው ሲበተን መጥታ ግልባጭ ጠየቀች፤ ባለጉዳይ ነችና ሰጠኋት።

እሷ ወረቀቱን ይዛ ወደ ወረዳ አልሄደችም። ወደ ቅሬው ሄደች። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ሙት ከመቅበር አልፎ በቋሚው መካከልም ይፈርዳል። የቅሬን ፍርድ እንቢ ያለ ሰው ቤቱ ሰው የሞተ ዕለት ቃሬዛውን የሚያነሣለት አያገኝም። ዳኛው መምሬ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሰባታችንንም አስጠሩን። ባነር አልነበረም፤ ጉዳዩ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። መምሬ ወረቀቱን ራሳቸው አነበቡት፤ በዝግታ፣ ነጥብ ባለበት እየቆሙ።

አቶ ዓባይነህ ስሕተት መኖሩን ተናገሩ።

«ፊርማው ያንተ አይደለም?» አሉ መምሬ።

«የኔ ነው። ግን ሳላነበው ነው የፈረምኩ።»

«አንብቤ ነው ካልክ ጥፋትህን አምነሃል። ሳላነብ ነው ካልክ ሌላ ጥፋት ጨመርክበት። የቱን እንያዝልህ?»

አቶ ዓባይነህ ጥቂት አሰቡና የመጀመሪያው እንዲያዝላቸው ጠየቁ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ሰባቱ ፈራሚዎች ከየጎተራቸው አንዳንድ ጆንያ ማሽላ ሞልተው፣ በየራሳቸው ትከሻ ተሸክመው፣ ወይዘሮ ሸዋረግ ቤት ድረስ ይወርዳሉ። አንዱ አባል በአህያ ይሁንልን ብሎ ለመነ። መምሬ ከርከሮው በአህያ እንዳልመጣ ነገሩት።

ወረድን። ከፊት አያ ይሄነው ባዶ ትከሻቸውን ይዘው መንገድ ይመራሉ፤ ከኋላ መምሬ ይከተላሉ። ጆንያዬ ሃምሳ ኪሎ ነበር። እስከ መጀመሪያው ጠመዝማዛ ድረስ ስለ አፈጻጸም ሪፖርቱ አስብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስለ አንገቴ ብቻ አሰብኩ። ያስገረመኝ አቶ ዓባይነህ ናቸው። ሌሎቻችን በየድንጋዩ ስናርፍ እሳቸው እንደ ወጣት ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። አንድ ቦታ ላይ ያፏጩም ነበር። ኃላፊነት ሰውን እንዲህ ያጠነክራል ብዬ ከልቤ አደነቅኳቸው።

ስንደርስ ወይዘሮ ሸዋረግ ደጇ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ትንሿ ልጅ ድና ነበር፤ ከእናቷ ቀሚስ ሥር ሆና ጆንያዎቹን ትቆጥራለች። ሴትዮዋ ሰባቱንም ተራ በተራ ፈታች፤ እጇን እስከ ክርኗ እየሰደደች ከሥር እፍኝ እያወጣች አየች። ስድስቱ ማሽላ ነበሩ። የአቶ ዓባይነህ ጆንያ ከላይ አንድ ስንዝር ማሽላ ነበረው፤ ከሥር ያወጣችው እፍኝ ጭድ ነበር።

እጇን ከፍታ ለመምሬ አሳየቻቸው። መምሬ ቀረብ ብለው ጆንያውን በአንድ እጃቸው ብድግ አደረጉት። አቶ ዓባይነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉና አሁን ባለው ነባራዊ ሁኔታ፣ ካለው የአቅም ውስንነት አኳያ ብለው ጀመሩ።

«ጭዱን ለላሟ ተውላት» አሉ መምሬ። «ለማሽላው ተመለስ።»

ሦስት ሰዓት ሽቅብ ወጡ፤ ሦስት ሰዓት ቁልቁል ወረዱ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለተኛውን ጆንያ ተሸክመው ሲመጡ አላፏጩም፤ ላባቸው እስከ ጫማቸው ወርዶ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረግ እጇን እስከ ክርኗ ሰዳ ፈተሸችውና ራሷን ነቀነቀች። በዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ ኃላፊያችን አንድ ሥራ ከዳር ሲያደርሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ሳይሰበሰቡበት።